ፍርድ የሌለው ክርክር

አባቴ ሲሸመግሉ አንዲት ሕግ ነበረቻቸው። ከሳሽ ተናግሮ ሲጨርስ ተከሳሽ ዘሎ መልስ መስጠት አይችልም። መጀመሪያ የከሳሹን ቃል በራሱ አፍ መልሶ መናገር አለበት፤ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ፣ ሳያጣምም። ከሳሹ ሰምቶ «ይኸው ነው» ካለ በኋላ ብቻ ተከሳሹ የራሱን ይናገራል። ካላለ ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው። ሰው ይቆጣል፣ ጋቢውን ያራግፋል፣ «እኔ የመጣሁት የሱን ነገር ልሸከምለት ነው ወይ?» ይላል። አባቴ ግን ንቅንቅ የለም። ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው «ያለውን መልስ» ይላሉ።

እንዲህ ያለ ሕግ ከእኛ ሰፈር ወዲያ ይኑር አይኑር አላውቅም። እሳቸው ከአያቴ እንደወረሱት ነው የሚናገሩት። ልጅ ሆኜ ሳየው ሰው ማሰልቸት ነበር የሚመስለኝ። ኋላ ነው የገባኝ። የባላጋራውን ቃል አንዴ በአፉ ያዞረ ሰው እንደ ቅድሙ አይቆጣም፤ ግማሹ ጠብ እዚያው ላይ ያልቃል።

እኔ ወረታ ላይ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያይበት አለፍ ብሎ፣ ዲሽ የምገጥምና ቴሌቪዥን የምጠግን ሰው ነኝ። ሱቄ ጠባብ ናት። ደጇ ላይ ባጃጅ ይሰለፋል፤ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል። በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣው ሰው ስልኩን ቻርጅ እንዳደርግለት ይሰጠኝና፣ እስኪሞላ ድረስ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ያያል። ቁጡ ነህ ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ጣራ ላይ ወጥቶ ሰሐን ሲያዞር የሚውል ሰው፣ ከታች «መጣ፣ አይ ሄደ፣ ኧረ መጣ፣ ሄደ» እየተባለ ቁጡ ባይሆን ነው የሚገርመኝ።

በዚያ የምርጫ ዓመት ሚስቴ ሴት ልጅ ወለደች። የመጀመሪያችን ናት። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ ቀኑ እንደ ሠርግ አይገፋም። ሚስቴ ለክርስትና እናትነት የመረጠቻቸው የእኔን የክርስትና አባት ሚስት ነበር። እኔም ከእሳቸው ሌላ አላሰብሁም፤ በልጅነቴ ግማሹን ምሳዬን የበላሁት ከእሳቸው ሞሰብ ነው። ነገሩ የተጣመመው ግን እዚህ ላይ ነው። የክርስትና አባቴና አባቴ ከተጣሉ ዓመት አልፏቸው ነበር፤ ጤና ይስጥልኝ እንኳ አይባባሉም።

ጠቡ እንዲህ ነው። ሁለቱ አበልጆች ናቸው፤ አንቱ የሚባባሉ፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠራ ጠላ የማይቀምስ። በርብ ወንዝ ዳር መሬታቸው ይዋሰናል። ክረምት ሩዝ ይዘሩበታል፤ በበጋ ደግሞ አንዲት ሞተር በጋራ አላቸው፣ በእሷ ከወንዙ ውኃ እየሳቡ ሽንኩርት ያለማሉ። ውኃው በተራ ነው፤ ዛሬ የአንዱ ከሆነ ነገ የሌላው። ከምርጫው ዓመት በፊት በነበረው በጋ የክርስትና አባቴ ሚስት በወገባቸው ታመሙ። ባላቸው ወንዛዬ ፍል ውኃ ይዘዋቸው ወረዱና እዚያው ሰነበቱ። ሲመለሱ ሽንኩርታቸው ደርቆ ቆያቸው። አባቴ በራሳቸው ተራ የራሳቸውን አጠጥተዋል፤ የአበልጃቸው ተራ ሲደርስ ግን ሞተሯን አጥፍተው ነው የተቀመጡት። «ባለተራው በሌለበት እጄን አላስገባም» አሉ። በሕግ ከሄዱማ ምን ስሕተት አለው? የክርስትና አባቴ ደግሞ ደማቸው ፈልቶ በማግስቱ በአባቴ ተራ መጥተው ቦዩን ሰበሩት። ውኃው ያለ ልክ ገብቶ የአባቴን ችግኝ አጥለቀለቀው።

ሽማግሌ ተቀመጠ። አባቴ የሚናገሩት ስለ ቦዩ ብቻ ነው፤ ቦዬ ተሰበረ፣ ችግኜ ሰጠመ። የክርስትና አባቴ ቃላቸውን ሰጥተው ሲጨርሱ ሽማግሌዎቹ እየፈሩ እየተቡ አባቴን «እንግዲህ በራስዎ ሕግ እሳቸው ያሉትን ይመልሱ» አሏቸው። አባቴ «ቦይ የሰበረ ሰው ቃል በእኔ አፍ አይገባም» ብለው ብድግ አሉ። ስንት ጠብ በዚያች ሕግ ያበረዱ ሰውዬ! ያልተነካ ግልግል ያውቃል ይባላል፤ ሰው ሁሉ ይህንኑ ተረት ይዞ ወደየቤቱ ገባ።

ለክርስትናው ሁለቱንም ለመንሁ። የክርስትና አባቴ «እሱ ባለበት አጥር ውስጥ እግሬ አይገባም፤ እኔ ካልገባሁ ደግሞ እሷ ብቻዋን አትሄድም» አሉኝ። አንቱታውን እንኳ ትተውታል። አባቴ ደግሞ «እሱን ከጠራህ እኔን አትጥራኝ» አሉ። ሚስቴ ስታለቅስ አደረች። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ተቆጣሁ፤ የምቆጣበት ሰው ስላጣሁ በበሩ ላይ ተቆጣሁ። ገና አንገቷን ያላጸናች ልጅ ወይ አያትሽን ወይ ክርስትና እናትሽን ምረጪ ተባለች። እስቲ ይህ ምን ይባላል?

እንግዲህ የቴሌቪዥኑ ክርክር የመጣው በዚህ መካከል ነው። የፓርቲ መሪዎች ከምርጫው በፊት እየቀረቡ ይከራከሩ ነበር። ማታ የተላለፈው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ይደገማል፤ ድግሙ ገበያ ቀን ላይ ሲውል ሱቄ እስከ ደጇ ትሞላለች። ሁለቱም ይመጣሉ። አባቴ ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ጫፍ፣ የክርስትና አባቴ ከውስጠኛው ጥግ። ሌላ ቤት ሄደው እንዳያዩ እልሁ አለ፤ ቀድሞ የቀረው ሰው ሱቄን ለሌላው የለቀቀ ይመስለዋል። ስለዚህ ይቀመጣሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው ያስላል። ልጅ ሆነው ተጣልተው ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም በጆሮ ይዤ አስታርቃቸው ነበር።

አገሬው ክርክሩን እንደ ሽምግልና ነው የተቀበለው። መሪዎቹ ተራ በተራ ሲናገሩ፣ መካከል ላይ የተቀመጠው አወያይ ሲጠይቅ፣ ሌላው አፉን ዘግቶ ሲጠብቅ አይተው «እህ፣ ሥርዓት አለው» አሉ። ደቂቃ መሰፈሩ ገረማቸው። ደቂቃው ያለቀበት ሰው ድምፁ ሲቆረጥ አንዱ ሽማግሌ «ይህችን ነገር ለሚስቴ ወንድም ባገኘኋት» አሉና ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ከተከራካሪዎቹ ሁለቱ የሰው ዓይን ውስጥ ገቡ። አንደኛው መነጽር ያደረገ ቀጭን፣ ሁለተኛው ቀይ ክራባት ያሰረ ደልደል ያለ ሰው ነው። ስማቸውን የያዘ የለም፤ ባለ መነጽሩና ባለ ክራባቱ ናቸው። አባቴ ባለ መነጽሩን ወደዱ። የክርስትና አባቴ ይህን እንዳዩ ባለ ክራባቱን ወደዱ። ወይም የተገላቢጦሽ ነው፤ ማን ቀድሞ እንደወደደ ልምል አልችልም።

የዚያን ቀን ክርክሩ ስለ መሬት ነበር፤ ገበሬው መሬቱን መሸጥ ይቻለው፣ አይቻለው። በእኛ ሜዳ ከዚህ የበለጠ ምን ይወራል? ሰዉ ትንፋሹን ውጦ ሰማ። ስልኩ የሞላለት እንኳ አልተነሣም። መጨረሻ ላይ አወያዩ ተከራካሪዎቹን አመሰገነ፣ ሙዚቃ መጣ፣ ከሙዚቃው በኋላ የሳሙና ማስታወቂያ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሳሙናው አለቀ፣ የዘይት ማስታወቂያ መጣ። ዝም ብለው ያያሉ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት «ፍርዱስ?» አሉኝ።

«የምን ፍርድ? አለቀ እኮ።»

«እንዴት ያልቃል? ሁለት ወገን ቀርቦ፣ ተካሶ፣ ሳይፈረድ፣ ሳይታረቅ እንዲሁ ወደ ቤቱ ይሄዳል?»

ለካ ሁሉም የሚጠብቀው ይህንኑ ኖሯል። ከመጋረጃው ጀርባ ሽማግሌዎች አሉ፤ ሰምተው ሲጨርሱ ይወጣሉ፤ ይፈርዳሉ፤ ከዚያ ባለ መነጽሩና ባለ ክራባቱ ተነሥተው ትከሻ ለትከሻ ይሳሳማሉ ብለው ነው የተቀመጡት። «ምናልባት ፍርዱ በሌላ ጣቢያ ይሆናል፤ እስቲ ፈልግ» አሉኝ። ብትፈልጉ እመኑኝ፤ ሪሞቱን ይዤ ፈለግሁ። አንዱ ላይ ኳስ፣ አንዱ ላይ መዝሙር፣ አንዱ ላይ የውጭ ፊልም። «ዝለለው፣ ይኸ አይደለም» ይላሉ። እኔም አብሬያቸው የምፈልግ ሆንሁ።

በስተኋላ ቁጣዬ መጣ። «የመራጭነት ካርድ ያወጣችሁት ለምንድን ነው ታዲያ? ፍርዱ የእናንተ ነው። ዳኞቹ እናንተ ናችሁ» አልኋቸው።

አባቴ ዘንጋቸውን አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። እኔ ያን ጊዜ የሚመጣውን ማወቅ ነበረብኝ።

«እኛ ነን ዳኞቹ?» አሉ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ነገሩ ገና አልተሰማም። ከእነዚያ ሰዎች አንዱም የሌላውን ቃል አልመለሰም። አንዱ ስለ መሬት ይጠይቃል፣ ሌላው ስለ መንገድ ይመልሳል። እነሱ ካልመለሱ እኛ እንመልስላቸው። የወደድኸውን አይደለም፤ ያልወደድኸውን ሰው ቃል ነው የምትመልሰው።»

አንድ ከይፋግ የመጣ ነጋዴ ደፍሮ ጀመረ። «ባለ ክራባቱ እንግዲህ... ውሸታም ነው» አለ። ሰው ሳቀ። አባቴ አልሳቁም። «ምን እንደሆነ አልጠየቅሁህም። ያለውን መልስ» አሉት። ነጋዴው ጭንቅላቱን አከከ። መስማቱን ሰምቷል፤ ያለውን ግን አያውቅም። ሌላው ሞከረ፣ ሌላው ሞከረ፤ ሁሉም የሚያውቀው የራሱን ሰው ቃል ነው። የሌላው ሲናገር ለካ ማንም ጆሮውን አልሰጠም፤ መልሱን ብቻ በልቡ ሲያዘጋጅ ነው የቆየው።

አባቴ ራሳቸው ጀመሩ። «ባለ ክራባቱ ያለው እንዲህ ነው። ‹መሬት እንደ በግ ገበያ የሚወጣ ከሆነ፣ አዝመራ በጠፋበት በአንድ ክፉ ዓመት ገበሬው የማይሸጠውን ይሸጣል። የሚገዛው ጎረቤቱ አይደለም፤ ከሩቅ የመጣ ገንዘብ ያለው ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ ገበሬው በአባቱ መሬት ላይ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ያድራል። አይሸጥ የምለው ልነፍገው አይደለም፤ ከክፉ ቀን ልጠብቀው ነው› ነው ያለው።»

ባለ ክራባቱ ራሱ እንዲህ አሳምሮ አልተናገረውም። አባቴ ያልወደዱትን ሰው ቃል እንዲህ በሁለት እጃቸው አንሥተው ሲያስቀምጡ ደረቴ ሞቀኝ። በሕጉ ግን አንድ ነገር ቀርቷል። ከባለ ክራባቱ ወገን የሆነ ሰው «ይኸው ነው» ማለት አለበት። ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ውስጠኛው ጥግ አዞረ። የክርስትና አባቴ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ «ይኸው ነው» አሉ።

ይህ ከዓመት በኋላ ለአባቴ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነበር።

የክርስትና አባቴ ቀጥለው የባለ መነጽሩን መለሱ። «‹የእኔ ነው ልለው የማልችለውን መሬት ምን ብዬ እንከባከበዋለሁ? ዛፍ ብተክልበት ለማን ነው? ባረጅ፣ ብታመም፣ በእጄ ያለው ሀብት እሱ ብቻ ነው፤ በእሱ ላይ ደግሞ የሚያዝበት ሌላ ሰው ነው። ገበሬውን እንደ ሕፃን አትጠብቁት፤ ለራሱ ያውቃል› ነው ያለው» አሉ። አባቴ «ይኸው ነው» አሉ።

እኔማ አለቀ አልሁ። በልቤ ድንኳኑን ተከልሁ፣ ጠላውን ጠመቅሁ። የክርስትና አባቴ ግን ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ወደ እኔ ዞሩ፤ ወደ አባቴ አይደለም፣ ወደ እኔ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ። «በመስታወት ያየውን፣ ደጁን የማያውቀውን ሰው ቃል እንዲህ አድርጎ መመለስ የሚችል ሰው፣ የእኔን ቃል መመለስ ምን ከበደው?»

ወደ አባቴ ዞርሁ። ሰዉም መሬት መሬቱን ያያል። አባቴ ተነሡ፣ ዘንጋቸውን ያዙ፣ ለማንም ደኅና ዋሉ ሳይሉ ወጡ። ስልካቸውን እንኳ ከቻርጀሩ አልነቀሉም።

ከዚያ ወዲህ ክርክር ባየሁ ቁጥር ተከራካሪውን ትቼ የሚያዳምጠውን ነው የማየው። ካሜራው አንዳንዴ ወደ እሱ ይዞራል። ወረቀቱን ይገልጣል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ፈገግ ይላል። የሚሰማ አይመስልም። ደግሞ ልፈርድበት አልችልም። እኔም ከሚስቴ ጋር ስከራከር እንደዚያው ነኝ፤ እሷ ስትናገር እኔ የማስበው ቀጥዬ የምለውን ነው።

በማግስቱ ስልኩን ይዤ ሄድሁ። አባቴ ቤት የሉም። ሜዳው ላይ፣ የክርስትና አባቴ ሽንኩርት በደረቀበት መሬት ዳር ቆመው አገኘኋቸው። ያን ዓመት መሬቱ ጦም አድሮ ነበር። ብዙ ተናገርሁ። ልጄ ምን አጠፋች አልሁ፣ ሰው እንደ እርስዎ በሸመገለ ጊዜ ልጆቹን የሚያስቸግር ከሆነ ሽምግልና ምን ያደርጋል አልሁ፣ ሌላም ልጅ ለአባቱ የማይለውን አልሁ። ሰምተው ሲጨርሱ «ስልኩ ሞልቷል?» አሉኝ። «ሞልቷል» አልሁ። ተቀበሉኝና ወደ ኪሳቸው ከተቱት። እንባዬ እየመጣ ተመለስሁ።

ክርስትናው ሲቃረብ የክርስትና አባቴ ሚስት መልእክት ሰደዱ። «ልጅቱን አቅፌ የማነሣት እኔ ነኝ። አንደኛው ሽማግሌ ከአጥር ውጭ ይቀመጥ፤ ሌላው ከፈለገ ዛፍ ላይ ይውጣ። እኔ በወገቤ ስንት ጊዜ ልከሰስ?» ብለዋል። ሚስቴ ከወለደች ወዲህ ያን ቀን ነው ከልቧ የሳቀችው።

በሰማንያኛው ቀን ማለዳ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ስንደርስ አባቴ ቀድመውናል። ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጥቂት ቆይቶ የክርስትና አባቴ ሚስታቸውን ደግፈው መጡ። የክርስትና እናት የሚሆኑት በሩን ስመው ገቡና ልጅቱን ከሚስቴ ተቀበሉ። ባላቸው በሩ ላይ ቀሩ፤ ጀርባቸውን ለአባቴ ሰጥተው ቆሙ። እኔ በሁለቱ መካከል ቆሜ ወዴት እንደምሄድ ጠፋኝ።

አባቴ ከድንጋዩ ተነሡ።

«አበልጄ» አሉ። የክርስትና አባቴ አልዞሩም።

«እርስዎ ያሉት እንዲህ ነው። ‹ሚስቴ ታማብኝ ወንዛዬ ይዣት ወረድሁ። ስሄድ ሽንኩርቴን አደራ አላልሁም፤ አደራ ለባዕድ ነው የሚባለው፣ እኔ አበልጅ አለኝ ብዬ። ተራዬ ሲደርስ ውኃውን ይለቁልኛል ብዬ ልቤን ጥዬ ተቀመጥሁ። አበልጄ ግን ሞተሯን አጥፍተው ተቀመጡ። የነደደኝ ስለ ሽንኩርቱ አይደለም። ሰው አለኝ ብዬ መሄዴ ነው የነደደኝ› ነው ያሉት።»

የክርስትና አባቴ ቀስ ብለው ዞሩ። «አንድ ነገር ቀርቷል» አሉ።

«ይንገሩኝ።»

«‹በየቀኑ በሽንኩርቴ ዳር ያልፉ ነበር› ብያለሁ።»

ዓመት ሙሉ በአባቴ አፍ አልገባ ያለው ቃል ይህ ነበር፤ ቦዩ አይደለም። «‹በየቀኑ በሽንኩርቴ ዳር ያልፉ ነበር› ብለዋል» አሉ። «‹ሲጠወልግም ያዩት ነበር።›»

«እሱን እንኳ አላልሁም» አሉ የክርስትና አባቴ።

«እሱን ያልሁት እኔ ነኝ» አሉ አባቴ።

ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ የሚሉት ሰውዬ። የክርስትና አባቴ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና «ይኸው ነው» አሉ። ድምፃቸው አልወጣም፤ ከንፈራቸውን አይቼ ነው ያወቅሁት። ከዚያ እንደ ሕጉ የአባቴን ቃል ለመመለስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እርስዎ ያሉት ደግሞ... ‹ከወንዛዬ በተመለሰ ማግስት፣ በተራዬ መጥቶ ቦዬን...›»

«ይኸው ነው» አሉ አባቴ።

«ገና አልጨረስሁም እኮ።»

«ይኸው ነው፤ ይበቃል» አሉና ዘንጋቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው እጃቸውን ዘረጉላቸው። በዕድሜዬ አባቴ ሰው ሳይጨርስ ሲያቋርጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ይግቡ፣ ልጅቱ እየጠበቀችን ነው» አሏቸው።